ውሳኔው የት ይቀመጥ? የሙከራ ሥርዓተ ክወናዎች ንጽጽር ከመስቀል ፍላወር ሲታይ

ሥርዓተ ክወናን ወይም በተለመደው አጠራር ኦፕሬቲንግ ሲስተምን የሚመለከት የንጽጽር ጽሑፍ የገለጠ አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ሠንጠረዥ ነው። በአንዱ ዓምድ የሥርዓቶቹ ስም፣ በሌላው የከርነሉ ዓይነት፣ ቀጥሎ አንድ መልእክት ከፕሮሰስ ወደ ፕሮሰስ ለመድረስ የሚፈጅበት ማይክሮ ሰከንድ፣ በመጨረሻም ሥርዓቱ ዛሬ በአገልግሎት ላይ መሆን አለመሆኑ ይሰፍራል። ሠንጠረዡ ሐሰት አይናገርም፤ ነገር ግን የሙከራ ሥርዓት የሚሠራበትን ምክንያት ይስታል። የሙከራ ሥርዓት በዋነኛነት የሚገነባው ከነባሩ ፈጥኖ ለመሮጥ ወይም ገበያ ለመያዝ አይደለም። ነባሮቹ ሳይመረምሩ የተቀበሉት አንድ ግምት ቢፈርስና በምትኩ ሌላ ቢቆም ምን እንደሚከተል ለማየት ነው። ንጽጽሩም መጀመር ያለበት ከዚያ ከፈረሰው ግምት ነው፤ ሥርዓቱ የትኛውን ውሳኔ ከየት አንሥቶ ወዴት አዛወረው? የዝውውሩንስ ዋጋ ማን ይከፍላል?

ጥያቄዎቹ ረቂቅ ቢመስሉም አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የሚያጋጥሙ ናቸው። በኪርቆስ ክፍለ ከተማ በመስቀል ፍላወርም ሆነ ከዚያ እስከ ካዛንቺስ ባሉት መንገዶች ዳር፣ አንድ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን ይዞ ማመልከቻ፣ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተይብ ጽሕፈት ቤት ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለው ቤት ለዓመታት ሁለት ችግሮች ሲፈራረቁበት ኖሯል። አንደኛው፣ በሌላ ቤት የተተየበ የአማርኛ ፋይል ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ምልክቶች ዝርግፍ ሆኖ መታየቱ ነው። ሁለተኛው፣ መብራት በድንገት ሲቋረጥ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት የተተየበው ሁሉ አብሮ መሄዱ ነው። ሁለቱም የተጠቃሚው ጥፋት ተደርገው ይቆጠሩ ነበር፤ «ፎንቱን ለምን አልጫንክም?»፣ «ለምን ሴቭ አላደረግሽም?» ይባላል። ዛሬ የመጀመሪያው ችግር በአብዛኛው ታሪክ ሆኗል፤ ሁለተኛው ግን አለ። የሁለቱ ዕጣ የተለያየበት ምክንያት የሙከራ ሥርዓቶችን ለማነጻጸር ከማናቸውም የፍጥነት ሠንጠረዥ የተሻለ መነሻ ይሆናል።

የፊደሉ ጉዳይ ይቅደም። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ምልክት ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። አንድ ባይት በበኩሉ 256 ቦታ ብቻ ያለው ሲሆን ግማሹን አስኪ ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች አስቀድሞ ይዞታል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የሶፍትዌር ሠሪዎች ችግሩን በነበራቸው አቅም ፈቱት። ፊደሉን በላቲን ኮዶች ላይ ደራረቡት፤ አንድ ፎንት አልበቃ ሲል በሁለትና በሦስት ከፈሉት፤ የቁልፍ ሰሌዳውንም በራሳቸው ፕሮግራም ያዙት። ያ ትውልድ ባይሠራ ኖሮ አማርኛ በኮምፒውተር ለመጻፍ ብዙ ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆን ነበር። ሆኖም ውሳኔው የተቀመጠው በመጨረሻው ንብርብር፣ በፎንቱና በመተግበሪያው ላይ ስለነበር እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን አቀማመጥ መረጠ። ለኮምፒውተሩ ሰነዱ አማርኛ አልነበረም፤ በአማርኛ መልክ የሚሣል የላቲን ኮድ ነበር። ፎንቱ ሲቀር መልኩ ወደቀና ኮዱ ራቁቱን ታየ።

መፍትሔው የመጣው አማርኛን ከማያውቅ ቤት ነው። የዩኒክስ መገኛ የሆነው ቤል ላብስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ፕላን 9 የተባለ የሙከራ ሥርዓት መገንባት ጀመረ። ሥርዓቱ በሁለት ሐሳቦች ይታወቃል፤ ማናቸውም ሀብት እንደ ፋይል ይታያል፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስም የራሱ የሆነ የስሞች ዓለም ይኖረዋል። ብዙ ንጽጽሮች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ከሁለቱ የማያንሰው ሦስተኛ ውሳኔ ግን ጽሑፍን ይመለከት ነበር፤ በሥርዓቱ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ሁሉ፣ ከፋይል ስም እስከ ፕሮግራም ምንጭ ኮድ፣ በዩኒኮድ እንዲሆን ተወሰነ። ለዚህ በመጀመሪያ የተሞከረው አቀራረብ እንከን ነበረበት፤ የአንድን እንግዳ ፊደል ኮድ ከሚሠሩት ባይቶች አንዱ የፋይል መንገድ ከሚለየው ዝባዝ ምልክት ጋር ሊመሳሰል ይችል ነበር። ያን ጊዜ ከርነሉ የፋይሉን ስም መሐል ላይ ይቆርጠዋል። በመስከረም 1992 ኬን ቶምፕሰን፣ ሮብ ፓይክ እንደሚተርከው በአንድ የኒው ጀርሲ ምግብ ቤት የጠረጴዛ ወረቀት ላይ፣ ከፓይክ ጋር ሆኖ ዛሬ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን ነደፈ። በቀናት ውስጥም መላው ፕላን 9 ወደዚያ ተዛወረ። በዚህ ንድፍ ከአስኪ ውጭ የሆነ ፊደል የሚጻፍባቸው ባይቶች በሙሉ ከ127 በላይ ስለሆኑ ዝባዙም ሆነ ሌላ የአስኪ ምልክት በመካከላቸው ፈጽሞ አይገኝም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ አለ። ፕላን 9 የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለከርነሉ አስተምሮታል ማለት ስሕተት ነው። ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ ከርነሉ ፊደል ማወቅ የማያስፈልገው እንዲሆን አደረገው። ውሳኔው ወደ መሠረቱ ወረደ፣ ነገር ግን የወረደው መሠረቱን በዕውቀት በማሸከም ሳይሆን ከዕውቀት በማሳረፍ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የገባው ሦስተኛው እትም በ1999 ሲወጣ፣ ማለትም ከዩቲኤፍ-8 ንድፍ ሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም በንድፉ ላይ አንዲት ቢት መለወጥ አላስፈለገም። ቦታው ተጠብቆ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የቀረው የፎንትና የቁልፍ ሰሌዳ ሥራ ነበር፤ ያም ቢሆን ጊዜ ወስዷል። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ያወጣው በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው።

ዋጋውስ? እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። «መስቀል ፍላወር» የሚለው ስም በአማርኛ ሲጻፍ 25 ባይት ሲሆን በላቲን ፊደል ሲጻፍ 13 ይበቃዋል። እንግሊዝኛ ጸሐፊው ምንም አልከፈለም፤ ነባሩ የአስኪ ፋይሉም ሳይነካ ሕጋዊ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ተገኘ። ወጪው የወደቀው ዘግይተው በመጡት ፊደላት ላይ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም ቢባል የሚያስኬድ ክርክር ነው። ሆኖም ንድፉ ተቀባይነት ያገኘው በዚሁ አድልዎ ምክንያት መሆኑም አይካድም፤ ነባሩን ፕሮግራም «ተለወጥ» ብሎ አላስገደደውምና። ሌሎች ሥርዓቶችን ስንኳ ለመመዘን ይህ ነጥብ ተመልሶ ያስፈልጋል።

ፕላን 9 ራሱ ገበያ አልያዘም። በሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ «በአገልግሎት ላይ አይደለም» ተብሎ የሚመዘገበው ይህ ሥርዓት ነው፤ ምንም እንኳ የፋይል ፕሮቶኮሉ ዛሬ በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን ለማስኬድ በሚያገለግለው ክፍል ውስጥ ቢሠራም፣ የስሞች ዓለም ሐሳቡም በሊኑክስ ኮንቴይነሮች ውስጥ ቢገኝም። ሮብ ፓይክ በ2000 የሲስተም ሶፍትዌር ምርምር ፋይዳ አጥቷል ብሎ በአደባባይ መከራከሩ በዚህ ላይ ሲታከል ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። ክርክሩን ባቀረበበት ወቅት የራሱ የሙከራ ሥርዓት ፍሬ የአንድ ሙሉ አገር ፊደል ሊሸከም እየተሰናዳ ነበር።

አሁን ወደ መብራቱ። በተለመደው ሥርዓት ውስጥ መረጃ የሚኖረው በሁለት ዓለም ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋው ሜሞሪና በማይጠፋው ዲስክ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቼ ይሻገር የሚለውን ውሳኔ ሥርዓቱ ለመተግበሪያው፣ መተግበሪያው ደግሞ ለሰውዬው ይተወዋል። የዘመኑ የፋይል ሥርዓቶች መዝገብ እየያዙ የፋይሉን አወቃቀር ከብልሽት ያድናሉ፤ ይህ ትልቅ እድገት ነው፣ ነገር ግን ያልተቀመጠውን ገጽ አያውቁትም። አንዳንድ መተግበሪያዎች በየተወሰነ ደቂቃ በራሳቸው ያስቀምጣሉ። ሌሎች አያደርጉትም። የሚያደርጉትም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ በየራሳቸው ቦታ ነው። ይህ አቀማመጥ የ1990ዎቹን የፎንት ዘመን ማስታወሱ በአጋጣሚ አይደለም፤ የጋራ የሆነ ችግር ከላይ ከላይ፣ በየቤቱ ሲፈታ የሚይዘው መልክ ይኸው ነው።

ግምቱን ያፈረሱ ሥርዓቶች ነበሩ። ኪኮስ በአሜሪካው ታይምሼር ኩባንያ በ1970ዎቹ ኖሲስ በሚል ስም ተጀምሮ ከ1983 ጀምሮ በአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ላይ ሥራ የሠራ ሥርዓት ነው። የእርሱን ፈለግ የተከተለው ኢሮስ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በጆናታን ሻፒሮና ባልደረቦቹ ተሠርቶ በ1999 በጥናት ቀርቧል። በእነዚህ ሥርዓቶች ሜሞሪና ዲስክ ለፕሮግራሙ ሁለት ዓለም አይደሉም። ሥርዓቱ በየጥቂት ደቂቃው የመላውን ማሽን ሁኔታ፣ የሚሠሩትን ፕሮሰሶች ጨምሮ፣ በአንድ ቅጽበት እንዳለ ይይዛል፤ ከዚያም ፕሮግራሞቹ ሥራቸውን ሲቀጥሉ የተያዘውን ቀስ እያለ ወደ ዲስክ ያወርዳል። በመሐል የሚለወጥ ገጽ ካለ አስቀድሞ ቅጂው ይያዝለታል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፕሮግራሞቹ እንደገና አይጀመሩም፤ በመጨረሻው ቅጽበት ከነበሩበት ይቀጥላሉ። የሚጠፋው ቢበዛ በሁለት ቅጽበቶች መካከል የተሠራው ብቻ ነው፣ ይህም ለቃል ኪዳን የሚበቃ የታወቀ ወሰን ነው። «ሴቭ» የሚባል ተግባር እንደ ግዴታ የለም።

በሁለቱም ሥርዓቶች መብት የሚሰጠው በተጠቃሚ ስም ዝርዝር አይደለም። አንድ ፕሮሰስ የሚነካው ቁልፉን የያዘለትን ነገር ብቻ ነው፤ ኪኮስ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው። ይህ ከመብራቱ ጉዳይ ጋር የማይገናኝ ተጨማሪ ባሕርይ ቢመስልም ቁርኝቱ ጥብቅ ነው። ቁልፎቹም ከማሽኑ ሁኔታ ጋር አብረው ስለሚያዙ፣ ማሽኑ ሲነሣ ማን በምን ላይ ሥልጣን እንዳለው ከዜሮ መወሰን አያስፈልግም። በንጽጽር ሠንጠረዥ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ዓምዶች የሚሆኑት እነዚህ ነገሮች በንድፉ ውስጥ አንድ ውሳኔ ናቸው።

ታዲያ ይህ መልስ እንደ ዩቲኤፍ-8 ለምን አልተስፋፋም? «ዩፒኤስ መግዛት ይቀላል» የሚለው መልስ ከፊል እውነት አለው፤ ላፕቶፕ ያለው ሰውማ ባትሪው አብሮት ነው። ዩፒኤስ ግን ውሳኔውን ወደ ባለቤቱ ኪስ ከማዛወር ያለፈ አያደርግም፣ ባትሪውም ያረጃል። ከዚህ የሚጠነክሩ ሁለት ምክንያቶች አሉ። መላው ሁኔታ የሚያዝ ከሆነ ብልሽቱም አብሮ ይያዛል። በአዲስ አበባ ቢሮዎች ዘንድ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ የሚታዘዘው «አጥፍተህ አብራው» የሚለው መድኃኒት በእንዲህ ያለው ሥርዓት ላይ አይሠራም፤ የተሳሳተው ፕሮግራም ከነስሕተቱ ይነቃል። ሁለተኛው ምክንያት የውጩ ዓለም ወደ ኋላ አለመመለሱ ነው። ከቅጽበቱ በኋላ፣ ከመቋረጡ በፊት በቴሌብር የተላከ ክፍያ ወጥቷል፤ ማሽኑ ግን እንዳልላከ ሆኖ ይነቃል። ኪኮስ ይህን ስለተረዳ አንዳንድ ገጾች ቅጽበቱን ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ዲስክ እንዲወርዱ የሚያደርግ ልዩ በር ትቷል። በሩ መኖሩ ራሱ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ ወደ መሠረቱ ሊወርድ እንደማይችል ያሳያል። የተወሰነው ክፍል ምንጊዜም የመተግበሪያው ነው፤ ዩቲኤፍ-8 እንዲህ ያለ ቅሪት አልነበረበትም።

ሌሎቹ የታወቁ ሙከራዎች በእነዚሁ ጥያቄዎች ሲታዩ ከተለመደው የተለየ ቅደም ተከተል ይይዛሉ። የኤምአይቲው ኤክሶከርነል በ1995 ከርነሉ ሀብትን ከመከፋፈልና ከመጠበቅ በቀር ምንም እንዳይወስን አደረገ፤ የፋይልን ቅርጽ ሳይቀር ከመተግበሪያው ጋር የሚገጠም ላይብረሪ ይወስናል። ዋጋውን የሚከፍለው የላይብረሪው ጸሐፊ ነው፤ የአማርኛ ፎንቶችን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሲመርጥ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። የማይክሮሶፍት ምርምር ክፍል በ2003 የጀመረው ሲንጉላሪቲ የፕሮሰሶችን መለያየት ከሃርድዌሩ አንሥቶ ለፕሮግራም ቋንቋውና ለኮምፓይለሩ ሰጠ። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ግን ነባር ፕሮግራም ሁሉ በአዲሱ ቋንቋ እንዲጻፍ ጠየቀ። አሥር ዓመት ያስቆጠረ የትየባ ፕሮግራም ይዞ የሚኖር ጽሕፈት ቤት ለዚያ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። በ2009 በዙሪኩ ኢቲኤችና በማይክሮሶፍት ትብብር የቀረበው ባረልፊሽ አንዱን ማሽን እንደ ኔትዎርክ ቆጥሮ ማቀነባበሪያዎቹ በመልእክት ብቻ እንዲነጋገሩ አደረገ፤ ዋጋው ከርነሉ ውስጥ ስለቀረ ለዚህ ክርክር ብዙም አይጨምርም።

የፍጥነት ሠንጠረዥ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የማይክሮከርነልን ታሪክ ማየት ይበቃል። ማክ የተባለው ከርነል መልእክት ለማድረስ ቀርፋፋ ስለነበር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙዎች ሐሳቡን ራሱን ጥለውት ነበር። በ1993 ዮኸን ሊድትከ በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ማክ 115 ማይክሮ ሰከንድ የሚፈጅበትን አጭር መልእክት ኤል3 የተባለው የእርሱ ከርነል በ5 ማይክሮ ሰከንድ እንደሚያደርስ አሳየ። የተለወጠው ውሳኔው የተቀመጠበት ቦታ አልነበረም፤ አሠራሩ ብቻ ነበር። ከዚያው መስመር የመጣው ሴል4 በ2009 ወደ 8,700 የሚጠጉ የሲ መስመሮቹ ከመግለጫው ጋር እንደሚስማሙ በሒሳብ ማረጋገጫ ተደግፎ ቀረበ። ማረጋገጫው ራሱ ወደ 200,000 መስመር ደርሷል። በ1992 የተዘጋ ሠንጠረዥ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ «ያልተሳካ» ብሎ ይመዘግበው ነበር።

በአገራችን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ውስጥ ሥርዓተ ክወና እንዳለቀ ጉዳይ የመታየት ዝንባሌ አለ፤ ኮርሱ ይወሰዳል፣ ፈተናው ይታለፋል፣ የመመረቂያ ርዕሱ ግን ከሌላ መስክ ይመረጣል። ከርነል ላይ የሚሠራ ምርምር ትልቅ ላብራቶሪና ትልቅ ቡድን ይጠይቃል የሚለው ሰበብ ግን አይጸናም። ኤምአይቲ ለማስተማሪያ የሠራው ኤክስቪ6 ከ10,000 መስመር ያነሰ ነው፤ በአንድ ላፕቶፕ ላይ በማስመሰያ ሶፍትዌር ይሠራል፤ የፋይል ሥርዓቱም ከመቋረጥ የሚያድን መዝገብ አለው። አንድ የማስተርስ ተማሪ በዚህ ላይ የኪኮስን ዓይነት ቅጽበታዊ መያዣ ሊጨምርና ማሽኑን በዘፈቀደ ሰዓት ሺህ ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል፤ ለዚያ የመብራት ኃይልን ፈቃድ አይጠብቅም። የመተየቢያው ምት ከግምት እንዳይሆን፣ በመስቀል ፍላወር ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ፣ በተያቢዋ ፈቃድና የሰነዱን ይዘት ሳይነካ፣ ቁልፍ የሚመታበት ጊዜ ብቻ ሊመዘገብ ይችላል። ከዚያ በየ30 ሰከንዱ፣ በየደቂቃውና በየአምስት ደቂቃው እየተያዘ ሁለት ቁጥር ይወጣል፤ ስንት ፊደል ጠፋ፣ በዲስኩ ላይስ ስንት ገጽ ተጻፈ። ሁለቱን ቁጥሮች ማሽኑ ራሱ ይሰጣል። መብራት ሲመለስ ማተሚያው ግማሽ ላይ ያቆመውን ገጽ ደግሞ ያትመው ወይስ ይተወው የሚለውን ግን ተማሪው ለባለቤቲቱ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ወረቀቱንም ቀለሙንም የምትገዛው እርሷ ናትና።